መሣሪያው የሚያስተምረው

እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የተላኩት የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርደው፣ ትግራይን አቋርጠው፣ ክረምቱን በጉዞ አሳልፈው አንጎትን ረገጡ። አንጎት ዛሬ ራያና የጁ የምንለውን አገር የሚይዝ ጥንታዊ ግዛት ነበር። በበቅሎና በሰው ጫንቃ ካስጫኑት ገጸ በረከት ውስጥ ሰይፍና ጩቤ፣ የብረት ልብስ፣ የግድግዳ ምንጣፍ፣ ባሩድ፣ የዓለም ካርታና ኦርጋን ይገኙበታል። የጉዞውን ታሪክ የጻፉት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የመልእክተኞቹን ስም ሲዘረዝሩ ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል ሰው ያነሣሉ። የሰውየው ሙያ ኦርጋን መጫወት ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰይፍ ለሚቀበለው እጅ እንግዳ አይሆንም፤ መኳንንቱ ሁሉ ያውቁታል። ኦርጋኑ ግን ከነተጫዋቹ መላክ ነበረበት። ወናፉን ነፍተው፣ ቁልፉን ተጭነው ድምፅ ማውጣትማ ማንም ይችላል። ዜማ የሚሆነው ግን ጣቶቹ ከመምህር ለተማሩት፣ ጆሮው የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር እንደሚሰማማ ለለየ ሰው ብቻ ነው። ያ ኦርጋን በአንጎት መንገድ ሲያልፍ የአንድን አገር ሙዚቃ ግማሽ ብቻ ተሸክሞ ነበር፤ ሌላው ግማሽ ከጎኑ ይሄድ ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ስለ ጥንታዊ መሣሪያዎች የሚነሣው ጥያቄ ከዚሁ አይርቅም፤ ተጫዋቹ ሞቶ መሣሪያው ቢቀር፣ ወይም ወረቀቱ ቀርቶ መሣሪያው ቢጠፋ፣ ዜማው የት አለ?

ይህን ጥያቄ ከአውሮፓ አስቀድሞ የሚያውቀው የአብነት ተማሪ ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የድጓውን ምልክት ሲያደራጁ፣ ምልክቱ መምህሩን ይተካል ብለው አላሰቡም። ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ቀለሞች የሚያስታውሱት አስቀድሞ በጆሮ የገባውን ነው። ከየኔታ አፍ ያልሰማ ልጅ ድጓውን ከፊቱ ዘርግቶ ምልክቱን ቢቆጥር ዜማው አይወጣለትም፤ ምልክት ያለ መምህር እርሾ ያልገባበት ሊጥ ነው። ድምፁ የት ላይ እንደሚረግፍ፣ የት ላይ እንደሚጎተት፣ ጉሮሮ የት እንደሚጠብ የሚታወቀው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ለዚህ ነው ቤተልሔምና ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የሚባሉት የዜማ ቤቶች አንዱን ድጓ ይዘው የተለያየ ዜማ ያላቸው።

አውሮፓ ደግሞ ወረቀቱን ይዛ የአፍ ትምህርቱን ያጣች አህጉር ናት። የባኽ፣ የስካርላቲ፣ የኩፕራን፣ የሞዛርት ኖታ በብዛት ተርፏል። የጻፏቸው እጆችና ያስተማሯቸው አፎች ግን ጠፉ፤ ትውልድ በትውልድ እየተተካ፣ ፋሽኑ እየተለወጠ፣ መሣሪያዎቹም ወደ ሰገነትና ወደ ማገዶ እየተጣሉ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አርኖልድ ዶልሜች የተባለው ሙዚቀኛና መሣሪያ ሠሪ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ፖላንዳዊቷ ቫንዳ ላንዶቭስካ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ፣ የሚጠየቅ መምህር አልነበረም። የቀረው እንጨቱ ነው። ስለዚህ እንጨቱን ጠየቁ።

እንጨቱ ደግሞ መለሰ። ሃርፕሲኮርድን ለምሳሌ ቀርበን እንየው። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ፒያኖ ይመስላል። ቁልፉን ሲጫኑት ግን በጀርባው ጫፍ ላይ የቆመች ቀጭን የእንጨት ዘንግ ትነሣለች። በዘንጓ ራስ ላይ ከወፍ ላባ የተቀረጸች፣ ከጥፍር ጫፍ የማትበልጥ መምቻ ተሰክታለች፤ በጥንቱ ዘመን የቁራ ላባ ይመረጥ ነበር። መምቻዋ ክሩን ከሥር ነካ አድርጋ፣ ገፍታ፣ ታልፈዋለች፤ ክሩ ይጮኻል። ጣት ቁልፉን ሲለቅ ዘንጓ ወደ ታች ትወርዳለች፤ መምቻዋ በምትታጠፍ ምላስ ላይ ስለተሰካች ስትመለስ ክሩን ሳትመታ ትንሸራተታለች፤ ከጎኗ ያለችው የጨርቅ ቁራጭም ክሩ ላይ አርፋ ድምፁን ታጠፋለች። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዐይን ሳይጨፈን ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ቁልፉን በኃይል ቢመቱትም በቀስታ ቢነኩትም የድምፁ ጉልበት እምብዛም አይለወጥም፤ ላባዋ ክሩን የምትገፋው ሁልጊዜ በዚያው መጠን ነውና። ታዲያ ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ከሌላው አጉልቶ እንዴት ይናገራል? በጊዜ ይናገራል። ማጉላት የሚፈልገውን ድምፅ በጥቂቱ ያዘገየዋል፤ ከፊቱ ያለውን ቀደም ብሎ ይቆርጠውና ትንሽ ዝምታ ያስቀምጥለታል፤ ኅብሩን በአንድ ላይ ከመምታት ይልቅ ከታች ወደ ላይ ይዘረዝረዋል፤ ረጅሙ ድምፅ እንዳይሞትበት በዙሪያው ጌጥ ያበዛል። በባኽና በኩፕራን ወረቀት ላይ የምናየው የጌጥ ብዛት በዘመናዊ ፒያኖ ሲመታ ትርፍ ሊመስል ይችላል። በሃርፕሲኮርድ ላይ ግን የዜማው እስትንፋስ ነው። ይህን ማንም መጽሐፍ ሳይነግረው ከመሣሪያው ፊት የተቀመጠ ተማሪ በጣቱ ይረዳዋል።

ክራር የሚደረድር ሰው ይህን ሲሰማ አይገርመው ይሆናል። የእኛም ክራር ሁለት አመል አለው፤ በመምቻ ሲገረፍ አንድ፣ በጣት ሲደረደር ሌላ። በግርፍ የሚዘፈነውን በድርደራ ብትወስደው ቃሉ ያው ሆኖ ነገሩ ይለወጣል። በገናም እንደዚሁ በጣትም በድሕንጻም ይመታል። መሣሪያው ዜማውን ተቀብሎ የሚያደርስ ባዶ ቧንቧ ሆኖ አያውቅም፤ የሚያደርሰውን ነገር ራሱ ይቀርጸዋል።

የሃርፕሲኮርድ ትንሽ ዘመድ የሆነው ክላቪኮርድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በቁልፉ ጫፍ ላይ ያለችው የናስ ቁራጭ ክሩን መትታ አትመለስም፤ ጣት ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ክሩን ደግፋ ትቆያለች። ስለዚህ ተጫዋቹ ጣቱን ቢያንቀጠቅጥ ድምፁም ይንቀጠቀጣል፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እንደሚያርገበግበው ማለት ነው። የክላቪኮርድ ድምፅ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰው ጮክ ብሎ ከተነጋገረ ይዋጣል። ይህ መሣሪያ ለአዳራሽ አልተሠራም፤ አንድ ሰው ለራሱና ለፈጣሪው እንዲጫወትበት ይመቻል። በገና ይዞ በዐቢይ ጾም ምሽት ብቻውን የሚቀመጥን ሰው የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ትንሽ ድምፅ ጉድለት እንዳልሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይሻም።

ፒያኖ የተወለደው በጣሊያን፣ በፍሎሬንስ ነው። በ1700 በተጻፈ የሜዲቺ ቤተ መንግሥት የንብረት መዝገብ ላይ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የሠራው፣ ቀስ ብሎም ጮክ ብሎም የሚናገር አዲስ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ተመዝግቧል። ከእጁ ሥራዎች ሦስት ፒያኖዎች ዛሬም አሉ፤ የ1720ው በኒውዮርክ፣ የ1722ው በሮም፣ የ1726ው በላይፕሲግ ይገኛሉ። በላባ ፋንታ ቆዳ የለበሰ ትንሽ መዶሻ ክሩን መትቶ ወዲያው ይመለሳል። ሞዛርት በቪየና የያዘው፣ አንቶን ዋልተር የሠራው ፒያኖ 61 ቁልፎች ብቻ ነበሩት፤ የዛሬው 88 አለው። ክፈፉ እንጨት፣ ክሩ ቀጭን፣ መዶሻው ከቆዳ ጋር ከጣት ውፍረት እምብዛም የማያልፍ ነበር። የዛሬው የኮንሰርት ፒያኖ ግን 20 ቶን ገደማ የሚደርስ የክር ውጥረት የሚሸከም የብረት ክፈፍ አለው።

የቤትሆቨንን የጨረቃ ብርሃን ሶናታ የማያውቅ የፒያኖ አፍቃሪ የለም። በ1801 የተጻፈው የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ክፍል መግቢያ ላይ ደራሲው ግልጽ ትእዛዝ አስቀምጧል፤ ክፍሉ ሙሉውን ድምፅ ማፈኛዎቹ ተነሥተው ይመታ ይላል። ማለትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክሮቹ አይታፈኑ። በዛሬው ፒያኖ ይህን ትእዛዝ ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ጥቂት መስመር ሳይሄድ ድምፅ በድምፅ ላይ ተደራርቦ ጭጋግ ይሆንበታል፤ የብረቱ ክፈፍ ድምፁን አሳድሮ ያቆየዋልና። ስለዚህ ፒያኒስቶች ኅብሩ ሲለወጥ ፔዳሉን እየለቀቁ እንደገና ይይዛሉ፤ ደራሲው ተሳስቷል ያሉም አልጠፉም። በዚያ ዘመን በተሠራ የቪየና ፒያኖ ላይ ግን ትእዛዙ ይፈጸማል። ድምፁ ቶሎ ስለሚረግፍ፣ አዲሱ ኅብር ሲመጣ የቀደመው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ጥላውን ብቻ ይተውበታል። በቀስታ ሲመታ ደራሲው የፈለገው የቱን እንደሆነ ይሰማል። ወረቀቱ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ እውነቱን ይናገር ነበር። ያ ትእዛዝ የተጻፈው ለሌላ መሣሪያ ስለነበር ብቻ ስህተት መስሎ ኖረ።

ከዚህ የምወስደው ፍርድ ይህ ነው። አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን በሆዱ ይዞ አይወለድም። አንድ ነገር ሲያገኝ አንድ ነገር ይጥላል። የዛሬው ፒያኖ ሺህ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ኦርኬስትራን አልፎ ይሰማል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን የሞዛርት የግራ እጅ ዝቅ ያሉ ኅብሮች በቀጭኑ ክር ላይ ንጥር ብለው ሲሰሙ፣ በወፍራሙ ክር ላይ ያጉረመርማሉ። ሥልጣኔ መሰላል ነው፣ የላይኛው እርከን የታችኛውን ይሽራል የሚለው እምነት በሙዚቃ ቤት አይሠራም። እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ዘመን ሙሉ ነበር፤ የጎደለው የመሰለን እኛ ከሌላ ዘመን ቆመን ስላየነው ነው።

አሁን ወደ ጥንቱ አንጎት፣ ወደ ራያ ቆቦ ሜዳ እንመለስ። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በመካከል ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ ጎሊናና ሆርማት የሚፈሱበት ቆላ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ከላሊበላ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ አየር መሣሪያ የራሱን ጠባይ ያወጣል። የክራሩ ቆዳ በበጋው ደረቅ ሙቀት ይወጠራል፤ ድምፁ ይጠራል። በክረምት እርጥበት ቆዳው ይላላል፤ ድምፁም ይደነቁራል። ለሠርግ የሚመታው ከበሮ ሲላላ ፀሐይ ወይም እሳት ይሞቃል። የእረኛው ዋሽንት የተሠራበት ሸምበቆ ርዝመቱ ቅኝቱን ይወስናል፤ አዋቂ ተጫዋች በአንድ ዋሽንት አይወሰንም፤ አጭሩንም ረጅሙንም ይዞ ይዞራል። መሣሪያው ከአየሩና ከአፈሩ ጋር እየተነጋገረ ስለሚኖር ባለቤቱ ሁልጊዜ ሊሰማው ይገባል።

እዚህ ላይ ክራር ተጫዋቹና የሃርፕሲኮርዱ ባለቤት አንድ ጉዳይ ያገናኛቸዋል። የሃርፕሲኮርድ የድምፅ ሰሌዳ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሳንቃ ነው። ክፍሉ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ፣ ሲደርቅ ሲረጥብ ቅኝቱ ይሸሻል። ስለዚህ ሃርፕሲኮርድ የሚማር ሰው ከጣት ትምህርት ጋር መቃኘትን ይማራል፤ ከመጫወቱ በፊት ክሮቹን ራሱ ያስተካክላል። የፒያኖ ተጫዋች ግን ባለሙያ ቃኚ ያስጠራል። የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ተጫዋች ደግሞ ማንንም አያስጠራም፤ ቅኝቱ ከፋብሪካ ተወስኖ መጥቷል። በዚህ መንገድ መቃኘት ከተጫዋቹ እጅ ወደ ባለሙያው፣ ከባለሙያው ወደ ፋብሪካው ተሸጋገረ። የሄደው ሥራ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ይህ ድምፅ ልክ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የመፍረድ ኃላፊነትም አብሮ ሄደ።

ቅኝት ለወሎ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ከምንላቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ የወሎን ቦታ ስም ተሸክመዋል። አምስት ድምፅ ብቻ የያዘ ቅኝት ስለሆነ በእያንዳንዱ ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ይናገራል። ፒያኖ አንዱን ስምንተኛ (ኦክታቭ) በ12 እኩል ክፍል ይቆርጠዋል። ይህ እኩል አቆራረጥ ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ ለመጫወት ያስችላል፤ ዋጋው ግን እያንዳንዱ ርቀት ከተፈጥሮው በጥቂቱ መዛነፉ ነው። አንዱን የፒያኖ እርከን በመቶ ብንከፍለው፣ የፒያኖው ትልቁ ሦስተኛ የሚባለው የድምፅ ርቀት ከንጹሑ በ14 ክፍል ያህል ይሰፋል። አውሮፓውያን ራሳቸው ለብዙ ዘመን ይህን አልተቀበሉም። በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሃርፕሲኮርድና ኦርጋን የሚቃኙት ሦስተኛው ንጹሕ ሆኖ እንዲሰማ ነበር፤ በምትኩ አንዷ አምስተኛ እስክትጮኽ ትበላሻለች፤ ተኩላ ብለው ሰይመዋታል። የዘመኑ ደራሲያን ከተኩላዋ እየሸሹ፣ አንዳንዴም ለሕማምና ለሞት ሲሆን ሆን ብለው እየቀረቧት ጽፈዋል። በዚያ ቅኝት ሲሰማ ያንዱ ድምፀት ሰላምና የሌላው ድምፀት ጭንቀት በጆሮ ይለያል። በእኩሉ ቅኝት ሁሉም አንድ መልክ ይይዛል።

ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ሆኖ አይቀርም። የክራር ባለሙያ ባቲን ሲቃኝ ክሩን እየጠመዘዘ የሚቆመው ጆሮው በቃ ያለው ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ ከፒያኖው ቁልፍ ጋር የሚገጥምበት ጊዜ አለ፤ ከቁልፉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበትም ጊዜ አለ። ያቺ ትንሽ ልዩነት የአካባቢውን፣ የመምህሩን፣ የዘፈኑን ጠባይ ትይዛለች። ዛሬ ግን በቆቦም፣ በአላማጣም፣ በወልድያም ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይሰማል። ክራሩ ከኪቦርዱ ጋር ሲቀመጥ የሚቃኘው ወደ ኪቦርዱ ነው። ኪቦርዱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ክራሩ ይለወጣል። በዚህ ዓይነት ማንም ሳያስገድድ፣ ማንም ሳይከለክል፣ ከአባት የወረደ ጆሮ በአንድ ትውልድ ውስጥ ወደ ፋብሪካው ልክ ይጎተታል።

ታዲያ ፒያኖን እንጥላ? አይሆንም። ለዚህ መልሱን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሰጥተውናል። እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በኋላም ካይሮ ላይ በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ቫዮሊንና ፒያኖ አጥንተው ነበር። ከዚያ ዓለምን ትተው ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ፤ በባዶ እግራቸው ብዙ ዓመት በዚያ አምባ ኖሩ። በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። የእማሆይን ፒያኖ የሰማ ሰው እዚያ ውስጥ የአውሮፓ ትምህርትም የያሬድ ዜማም ትዝታም አብረው ሲኖሩ ያገኛል። ቁልፎቹ እንደማንኛውም ፒያኖ በ12 የተቆረጡ ናቸው። ነገር ግን እማሆይ ከመሣሪያው የማይገኘውን ርቀት በጊዜ ያካክሱታል፤ ድምፁን ያቆዩታል፣ ያጣድፉታል፣ በትንንሽ ጌጥ ከበው ያንሳፍፉታል። የሃርፕሲኮርድ ሊቃውንት በጉልበት ማጉላት ሲሳናቸው በጊዜ ይናገሩ እንደነበር አስታውሱ፤ እማሆይም የቁልፉ ልክ ሲጠብባቸው በጊዜ ተናገሩ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ልጅ ሳለ መጀመሪያ ክራር ነበር የያዘው፤ በኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፊያ ፒያኖ ተምሮ አምባሰልን ወደ ፒያኖ አምጥቷል። ሁለቱም ፒያኖውን ሊገዙት የቻሉት ፒያኖ ያላወጣው ድምፅ አስቀድሞ በጆሯቸው ስለነበረ ነው። ያ ድምፅ ሳይኖረው ከኪቦርድ የጀመረ ልጅ ምን ይዞ ኪቦርዱን ይገዛዋል?

የጥንታዊ መሣሪያ ወዳጆችም ከወቀሳ አላመለጡም። ላንዶቭስካ ሃርፕሲኮርድን ከመቃብር አነሣች ቢባል ያምርባታል፤ የባኽን ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ በ1933 በዚያ መሣሪያ ስትቀርጽ ዓለም እንደ አዲስ ሰማው። ይሁን እንጂ የያዘችው፣ የፕሌዬል ፋብሪካ የሠራላት መሣሪያ ከፒያኖ የተወሰደ የብረት ክፈፍ ነበረው፤ ባኽ ቢያየው አያውቀውም ነበር። ጥንታውያኑን ዕቃዎች በልካቸው ለክተው የገለበጡት ሠሪዎች የመጡት ከእርሷ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ሪቻርድ ታሩስኪንም ጥንታዊ ነው የምትሉት አጨዋወት በእውነቱ የራሳችሁ የ20ኛው ምዕተ ዓመት ጣዕም ነው ሲል ሞግቷል። ሙግቱ ጥርስ አለው። ላባው የቁራ፣ ክሩ የናስ፣ ቅኝቱ የድሮ ቢሆንም፣ የሚሰማው ጆሮ መኪናና ራዲዮ የሰማ ጆሮ ነው። ያለፈውን ዘመን ሙሉ በሙሉ መልሶ የሚያመጣ የለም።

ይህ ግን ጥረቱን ከንቱ አያደርገውም። ወደ ጥንታዊው መሣሪያ የሚሄድ ሰው ትክክለኛውን አጨዋወት አገኘሁ ብሎ ሊፎክር ከሆነ ታሩስኪን ይረታዋል። ጥያቄ ሊጠይቅ ከሆነ ግን ማንም አይረታውም፤ ምክንያቱም መሣሪያው የራሱን እውነት ይመልስለታል፤ ይህ ይቻላል፣ ይህ አይቻልም፣ ይህ ቀላል ነው፣ ይህ ጣትን ይሰብራል ይለዋል። ከሙታን ደራሲያን ጋር መነጋገር የሚቻልበት ሌላ መንገድ ብዙ የለም።

እኛ ከአውሮፓ የምንለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የእኛ ሰንሰለት ገና አልተበጠሰም። ሊበጠስ ግን ይችላል። በገናን ተመልከቱ። አሥሩ የበግ አንጀት ጅማቶች ብርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ በእያንዳንዳቸው ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዚራዋ ጅማቱን ስትነካው ነው ያ የሚታወቀው፣ ንብ የሚመስለው ድምፅ የሚወጣው። ደርዳሪው ቁራጯን በጥፍሩ ጫፍ ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፋ እያደረገ፣ እየመታ፣ እየሰማ ቦታዋን ይፈልጋል፤ ጥቂት ካለፈች ድምፁ ይታፈናል፣ ጥቂት ካነሰች ይደርቃል። ይህን የሚያስተምር ጽሑፍ ከየት ይገኛል? በደርግ ዘመን በገና ከመድረክና ከትምህርት ገበታ ርቆ በነበረበት ጊዜ፣ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን የመሰሉ ጥቂት ሰዎች ባይዙት ኖሮ፣ ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ በገና የሚደረድሩ ወጣቶች ሙዚየም ሄደው እንጨቱን ይጠይቁ ነበር።

በራያ ቆላ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። ቆቦና አካባቢዋ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ደጋግሞ ያለፈባቸው ናቸው። ጦርነት ሰው ሲያጠፋ ከሰው ጋር ያለውን ሁሉ ይወስዳል፤ ቤት ሲቃጠል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ክራር አብሮ ይቃጠላል፤ አዛውንት ሲሰደዱ ዘፈኑን የሚቀበላቸው ልጅ አብሯቸው ላይሰደድ ይችላል። የራያ ጭፈራና የእግር ምት፣ የወሎ መንዙማና የከበሮው አመታት፣ የማሲንቆው ቅኝት በአብዛኛው ያሉት በሰዎች ጆሮና እጅ ውስጥ ነው። አውሮፓውያን እንጨቱን ለመጠየቅ የተገደዱት ሰው ስላልነበራቸው ነው። እኛ ሰውም እንጨትም ሳለን ሁለቱንም ዝም ማሰኘት ምን ይባላል?

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው፣ በወልድያና በወሎ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ መምህራን፣ የክራርና የማሲንቆ ባለሙያዎችን ስትቀርጹ ከዘፈኑ በፊት ቅኝቱን ቅረጹ፤ ከኪቦርድ ርቀው፣ በራሳቸው መሣሪያ፣ ክር በክር እየመቱ ያሰሙ። የቀረጻው ቦታና ወራት ይጻፍ፤ ቆዳው በበጋና በክረምት አንድ አይደለምና። ሁለተኛው፣ ልጆቻችሁን ሙዚቃ የምታስተምሩ ወላጆች፣ ኪቦርድ ብትገዙላቸው መልካም ነው፤ ከጎኑ ግን ራሳቸው የሚቃኙትን አንድ መሣሪያ ስጧቸው፤ ክራር ቢሆን ማሲንቆ ቢሆን። የራሱን ክር ያልጠመዘዘ ልጅ ልክ የሆነው ድምፅ የቱ እንደሆነ ከሌላ ሰው ሲጠይቅ ይኖራል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለኪቦርድ ተጫዋቾች ነው። በእጃችሁ ካሉት ኪቦርዶች ብዙዎቹ የእያንዳንዱን ቁልፍ ድምፅ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው። ሠርግ ላይ ክራር ከጎናችሁ ሲቀመጥ ያንን ማስተካከያ ክፈቱት፤ ክራሩ መጀመሪያ ይቃኝ፣ እናንተ ስሙት፣ ከዚያ ቁልፎቻችሁን ወደ እርሱ አምጡ። የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን መቶ ዓመት ቆይቶ በየትኛውም ሙዚየም ተፈልጎ የማይገኝ ነገር ነው። ኪቦርዱ ለክራሩ ይቃኝ።